ያልተዘጋ ሂሳብ

በባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ የቀኑ ሂሳብ ሳይዘጋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከ11 ሰዓት በኋላ የደንበኛው በር ይዘጋል፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለነው ግን ገና ሥራ ላይ ነን። ብሩ በየዓይነቱ ይለያል፤ ይቆጠራል፤ በመቶ በመቶ ይታሰራል፤ ገቢና ወጪው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ካዝናው ይቆለፋል። ዜሮ ካልሆነ፣ አሥር ብር ትሁን አሥር ሺህ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የመስኮቴን ሂሳብ ሳልዘጋ ወደ ቤቴ የሄድኩበት ቀን የለም። ራሴን ሳልዘጋ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ግን ቆጥሬ አልዘልቃቸውም። ዛሬ የምጽፈው ስለ እነርሱ ነው። የማቀርበውም ሐሳብ በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ እምብዛም የሚወደድ አይመስለኝም፤ እንቅልፍ ማጣትን የገጣሚነት ማዕረግ አድርገን መቁጠራችን ስሕተት ነው፤ ምሽታችንን መልክ ብናስይዘው ለጤናችንም ለግጥማችንም ይበጃል እላለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ በጉድለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ የደመወዝ ሰሞን፣ መስኮቴ ፊት የተሰለፈው ሕዝብ እስከ በሩ ድረስ ደርሶ ነበር። ማታ ሂሳቤን ስዘጋ 10,000 ብር ጎደለኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ጉድለቱ ድፍን ቁጥር ስለነበረ እንዴት እንደተፈጠረ ለመገመት ብዙ አልፈጀብኝም፤ አንድ እስር ባለ 100 ብር መስጠት ሲገባኝ አንድ እስር ባለ 200 ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያው 10,000 ነው፤ ሁለተኛው 20,000። ለማን እንደሰጠሁ ግን አላወቅሁም። የተቀበለውም ሰው አልተመለሰም። ጉድለቱ በአምስት ወር ከደመወዜ ተቆርጦ አለቀ።

ዕዳው አለቀ እንጂ ቆጠራው አላለቀም። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል የዚያን ቀን ደንበኞች ፊት አንድ በአንድ ይመጣል። ባለ ነጠላዋ ሴት፣ ቁልፉን እያሽከረከረ የሚጠብቀው ሾፌር፣ ለዕድር ገንዘብ ያወጡት ሽማግሌ... ሁሉንም እጠረጥራቸዋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በጥርጣሬዬ አፍራለሁ። ቀስ በቀስ ሌላውም ሐሳብ በዚያው በር ይገባ ጀመር፤ የቤት ኪራይ፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ የእናቴ የደም ግፊት፣ አለቃዬ ጠዋት ሰላም ሲለኝ ፊቱን ለምን እንዳጠቆረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው። ባለቤቴ አንድ ጠዋት «አንተኮ ከባንክ ሳትወጣ ነው የምታድረው» አለችኝ፤ ሳቅሁ፤ አልተሳሳተችም ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ መጽናኛ ነበረኝ። ገጣሚ ነኝ እኮ! ገጣሚ መቼ ተኝቶ ያውቃል? ወዳጆቼም ይህንኑ ይነግሩኝ ነበር። ሌሊት የጥበብ ሰው ቀን ነው ይላሉ። እኔም ተነሥቼ ሻማ አጠገብ እቀመጥና (መብራት እያለ ሻማ!) እጽፍ ነበር። ከእነዚያ ሌሊቶች ፍሬ ሁለት ስንኝ ላስነብባችሁ፤

ሌሊቱ ሌሊቱን፣ ሌሊት ሲያስለቅሰው፣
ጨለማው ጨለማን፣ ጨለማ አለበሰው።

ሲጻፍ አንጀቴን በልቶኝ ነበር። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሳነበው ጎኔ የተቀመጠው ሰው እንዳያይብኝ ወረቀቱን አጠፍኩት። የደከመ አንጎል ድካሙን እንደ ጥልቀት ይቆጥረዋል። ይህን ለማወቅ ብዙ ሌሊት ከፍያለሁ።

የሌሊቱ ወገን ጠበቆች ካፍካን ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፤ ካፍካ በፕራግ የሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም ቀን እየሠራ ሌሊት ይጽፍ ነበር፤ «ፍርዱ» የተሰኘውንም አጭር ልቦለድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1912 በአንድ አዳር እንደጨረሰው ራሱ መዝግቦታል። ይህን አንድ አዳር ሁሉም ያስታውሳል። በዚያው የዕለት ማስታወሻው ውስጥ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ደጋግሞ የጻፈውን ምሬት ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ካፍካ እንቅልፍ ማጣቱን እንደ ጸጋ አልተናገረለትም፤ እንደ ሕመም እንጂ።

ለእኔ የሚቀርበኝ ግን የሙያ ባልደረባዬ ኤልየት ነው። ቲ ኤስ ኤልየት እ.ኤ.አ. ከ1917 እስከ 1925 በለንደን የሎይድስ ባንክ ሠራተኛ ነበር። ቀን ባንክ፣ ማታ ግምገማና መጣጥፍ መጻፍ፣ በዚያ ላይ የታመመች ሚስት። በ1921 መጸው ላይ ጉልበቱ አለቀ፤ ሐኪም እረፍት አዘዘለት፤ ባንኩም የሦስት ወር ፈቃድ ሰጠው። (እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ባንክ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር በግል ይንገረኝ።) መጀመሪያ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ማርጌት፣ ቀጥሎም በስዊዘርላንድ ወደ ሎዛን ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1922 የታተመውና ዘመናዊውን ግጥም የለወጠው «ዘ ዌስት ላንድ» ለረጅም ጊዜ ሲያውጠነጥነው የኖረ ሥራ ቢሆንም፣ ወደ ፍጻሜው የደረሰው በዚያ የእረፍት ጊዜ ነው። ጭንቀቱ ግጥሙን አላመጣውም ማለቴ አይደለም። ጭንቀቱ ግጥም የሆነው ሰውየው ማረፍ ሲጀምር ነው ማለቴ ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ብንመለስም ያው ነው። የቅኔ ተማሪ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔውን የሚያሰናዳው ቀን፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ጸጥ ካለ ዛፍ ሥር ነው። ሥራው «ቅኔ ቆጠራ» ይባላል። ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ እርሱም ቆጣሪ፣ እኔም ቆጣሪ። ነገር ግን እርሱ የሚቆጥረው በነቃ አእምሮ ነው። መነኮሳቱ መንፈቀ ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ ብትሉኝ፣ አዎን ይነሣሉ፤ ግን ከዚያ በፊት ጸሎተ ሠርክ አለ፤ ጸሎተ ንዋም አለ፤ ከዚያም እንቅልፍ አለ። እኛ መንፈቀ ሌሊቱን ወስደን ሠርኩንና ንዋሙን ጣልናቸው።

አማርኛችን ለምሽት የራሱ ግሥ አለው። እንውላለን፤ እናመሻለን፤ እናድራለን። ማምሸት ከመዋልም ከማደርም የተለየ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ውለን እናድራለን እንጂ አናመሽም። መዋላችንን እስከ 5 ሰዓት ሌሊት እንጎትተውና፣ በድንገት መብራት አጥፍተን «እንቅልፍ ሆይ ና» እንላለን። እንቅልፍ ደግሞ እንደ መልእክተኛ ሲጠሩት የሚመጣ አይደለም።

ማምሸት የሚያውቅ ሰው ያየሁት አያቴን ነው። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን በደብረ ማርቆስ ዳርቻ፣ መብራት ገና ባልገባበት ሰፈር፣ ከእርሷ ጋር አሳልፍ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ኩራዙ ይለኮሳል። ኩራዙ ሲለኮስ ትልቅ ትንሹ ከተቀመጠበት ብድግ ይልና «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላል። ቀኑን ሙሉ አብረን ውለናል! ማንም ከውጭ አልመጣም። ግን አዲስ እንደተገናኘ ሰው ሰላም እንባባላለን። ያን ጊዜ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከዚህ የበለጠ የቀን መዝጊያ አላውቅም። ከሰላምታው በፊት የነበረው ጠብ፣ የተሰበረው ገንቦ፣ የጠፋችው ጥጃ ሁሉ «ቀን» ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ውሃ ይሞቃል። ትንሹ ለትልቁ እግር ያጥባል፤ እኔ የአያቴን፣ የአክስቴ ልጅ የአጎቴን። አያቴ እግሯን ካጠብኳት በኋላ «እደግ፤ ተመንደግ» ብላ ግንባሬን ትስመኛለች። እራት፤ ከእራት በኋላ ተረት። ተረት በቀን አይወራም ትለን ነበር፤ ብንለምናትም እምቢ ትላለች፤ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረችን። በመጨረሻ ምድጃው ዘንድ ጎንበስ ትልና እሳቱን ታዳፍነዋለች። ፍሙን ሰብስባ በአመድ ትከድነዋለች እንጂ ውሃ አታፈስበትም። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርግ ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ጭራ ታነድደዋለች።

አያቴ «ኔቸር» የሚባል የሳይንስ መጽሔት በዓለም መኖሩን ሳታውቅ ነው ያረፈችው። በዚያ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ያወጡትን አጭር ጽሑፍ ባነብላት ምን ትለኝ ነበር? የእግር መሞቅ እንቅልፍን ያፋጥናል ይላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ ለመተኛት ስንቃረብ የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት፤ ሙቀቱ በዋናነት የሚወጣው በእጅና በእግር ነው፤ እግር ሲሞቅ የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፤ የውስጡ ሙቀት በዚያ በር ይወጣል፤ እንቅልፍም ይመጣል። «ይህን ለማወቅ ነው እንዴ የተማሩት?» የምትለኝ ይመስለኛል።

ስለ ቡና መናገር እፈራለሁ፤ ቡና በእኛ ቤት መጠጥ ብቻ አይደለምና። ግን ልናገር። ቀኑን ሙሉ ስንነቃ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይከማቻል፤ «ደክመሃል፤ ተኛ» የሚለን እርሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል፤ መልእክቱ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ሰልፍ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳ ቢወሰድ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኔ ደግሞ ከሥራ ስገባ፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ አቦል ቶና በረካ ብዬ ነበር የምቀመጠው። ለባለቤቴ ይህን ስነግራት በዝምታ አዳመጠችኝና «ቡናውን ከወሰድክብኝ ወሬውን በምን ትመልስልኛለህ?» አለች። ለዚህ የሚሆን ጥናት አላገኘሁም። አሁን ቡናው ወደ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ተዛውሯል፤ በሥራ ቀን ማታ ጦስኝ ሻይ ይፈላል፤ ወሬው መጀመሪያ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቆይቶ ተመለሰ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ስልኩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በባህላችን መርዶ በማታ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ከመሸ ቢገኝ፣ የሚያውቁ ሁሉ አፋቸውን ይዘው ያድራሉ፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ሞትን የሚያህል ነገር እንኳ ሰውየው እንቅልፉን እስኪጠግብ ይጠብቃል። ይህን ሥርዓት ያበጁ ሰዎች ስለ ሐዘንም ስለ ሌሊትም ብዙ ያውቁ ነበር፤ በማታ የተሰማ ሐዘን የሚያቅፈው ሰው የለም፤ የሚያሳድረው ብቻውን ነው። እኔ አጎቴ ማረፉን ያወቅሁት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ አልጋዬ ውስጥ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው ፎቶና «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ነው። ያ አያቴ ቤት እግሩ ይታጠብለት የነበረው አጎቴ። ባለቤቴን ልቀስቅሳት ወይስ አልቀስቅሳት እያልኩ ነጋ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነቱ ዜና በየሌሊቱ ሲወርድ የነበረውንስ ማን ይረሳዋል? ስንቶቻችን ነን ስንት መርዶ፣ የእኛም የሌላውም፣ በጨለማ ብቻችንን የተቀበልነው? የስልኩ ብርሃን አንጎልን ቀን ነው እያለ እንደሚያታልል፣ የእንቅልፍ ቅመም የሆነውን ሜላቶኒንን እንደሚያዘገይ ተደጋግሞ ተነግሯል፤ ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከብርሃኑ ይልቅ የሚያመጣው ነገር ነው።

እናም ስልኩ አሁን ከማታው 3 ሰዓት ጀምሮ ቡፌው ውስጥ ያድራል። ለማንቂያ ከመርካቶ የድሮ ሰዓት ገዛሁ፤ ሲንቀጨቀጭ ጎረቤት ይሰማዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት እጄ በየደቂቃው ወደ ትራሱ ሥር ይሄድ ነበር። ለእውነተኛ አጣዳፊ ነገር ቅርብ ዘመዶቼ የባለቤቴን ስልክ ያውቃሉ፤ እርሷ ፌስቡክ የላትም፤ የታደለች ናት።

ሌላው ያደረግሁት ከሙያዬ የተማርኩትን ነው። እኛ ባንኮች ያላለቀን ነገር ያለቀ አናስመስልም። ቀሪው ይጻፍና ወደ ነገ ይዞራል። የዞረ ሂሳብ ጉድለት አይደለም፤ ቦታው የታወቀ ነው። በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት 57 ወጣቶችን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ከመኝታ በፊት ለአምስት ደቂቃ ስለፈጸሙት ሥራ፣ ግማሾቹን ገና ስለሚሠሩት ሥራ አስጻፏቸው። ገና ስለሚሠሩት የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ። እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት የምጠብቀው ተቃራኒውን ነበር፤ ነገን ማሰብ የሚያነቃ ይመስለኝ ነበርና። የሚያነቃው ግን ያልተጻፈው ነገ ነው። አሁን ከእራት በኋላ በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ «ኪራይ ሐሙስ። የእናቴ መድኃኒት፤ ለእህቴ መደወል። አለቃዬን ስለ ፈረቃው መጠየቅ።» ከሥሩ መስመር አሰምርበታለሁ። ያቺ የአሥር ሺህ ብር ነገር አንድ ማታ ደብተሩ ላይ ልትገባ መጣች። ምን ብዬ ልጻፋት? የሚሠራ ነገር የላትም። «ተከፍሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ ሁሉ ተአምር ሠራ ብዬ አልዋሽም። በሳምንት አንድ ሁለት ሌሊት ዛሬም ነቅቼ አነጋለሁ። ሰኔ 23 የባንኮች የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ በዚያ ሰሞን ማታ 3 ሰዓት ቤቴ ከገባሁ ዕድለኛ ነኝ፤ ውሃው፣ ደብተሩ፣ ጦስኙ ሁሉ ይቀራል። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየርም፣ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥም፣ ምሽት የሚባል ነገር ረስተን ነበር። ግን እንዲህ ያለው ሰሞን ሲያልፍ የምመለስበት ቦታ አለኝ፤ ድሮ እርሱ አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት፣ እንቅልፍ ባጣሁበት ማግስት፣ ያንኑ እስር ባለ 200 በባለ 100 ቦታ ልሰጥ ስል ከጎኔ ያለችው ባልደረባዬ «ቆይ» ብላ እጄን ይዛዋለች። ድካም ግጥም ሳይሆን ጉድለት እንደሚወልድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሲሰማ «የምሽት ሥርዓት የባለጸጋ ጨዋታ ነው» አለኝ። ከሥራ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ በአንድ ክፍል ከአራት ልጆች ጋር የሚያድር ሰው፣ ምን ዓይነት ማምሸት አለው? ግማሹን ተቀብዬዋለሁ። አያቴ ባለጸጋ አልነበረችም፤ ያላት ውሃ፣ አመድና ተረት ነበር ብዬ መለስኩለት። ግን የምንሠራበት ቅርንጫፍ የሌሊት ዘበኛ የሆኑት ጋሼ ትዝ ሲሉኝ መልሴ ያጥረኛል። እኔ ካዝናውን ቆልፌ ስወጣ እርሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ይገባሉ፤ እንቅልፋቸውን የሚያገኙት ቀን፣ በጋለ ቆርቆሮ ሥር፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ነው። የእኔ ጥሩ አዳር በእርሳቸው ንቃት የተገዛ ነው። «ደህና ይደሩ» ስላቸው «አሜን፤ አንተ እደርልኝ እንጂ» ይሉኛል። ይህን ደብተሬ ላይ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁለትም።

ግጥሙስ? በአራት ወር ሦስት ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሳይነቃ። ሁለቱ ያው የእኔ ናቸው። አንዱን ግን ሚኒባስ ውስጥ ሳነበው ወረቀቱን አላጠፍኩትም።

ባለፈው ማክሰኞ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ሻማ ፈልጌ ስለኩስ የስድስት ዓመቷ ልጄ ከሶፋው ላይ ተነሣችና እንደ ትልቅ ሰው ቆማ «አባዬ፣ እንደምን አመሸህ» አለችኝ። ስለ አያቴ ቤት መቼ እንደነገርኳት አላስታውስም። እኔም ቆሜ እጄን ዘረጋሁላት። ከዚያ «ውሃ ሞቋል?» አለች፤ ወደ ኩሽና ሄድን።